የተነሳው ጥያቄ

አንባቢዬ፣ እነዚህን ሁለት ሰዎች ባለፈው ሳምንት የተውናቸው ኮሪደር ላይ ነው። ዛሬ ገና ለምታገኛቸው ግን ከመነሻው ላስታውስህ። የቆየኸውም ብትሆን በሳምንት ውስጥ ስንት ነገር አይተሃል፤ ትረሳለህ ብዬ አልቀየምህም።

እሷ የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ናት። አባላቱ ከሚናገሩበት መድረክ ሥር በትንሽ ጠረጴዛ ተቀምጣ የተባለውን ሁሉ እንደተባለ ትጽፋለች። ባልደረቦቿ «ጆሮ» ይሏታል። አጉረምርሞ የሚናገረው፣ ጀምሮ የማይጨርሰው፣ ሁለት ሆኖ የሚጯጯኸው፣ ማንም ከእሷ አያመልጥም። አንድ ቃል ያመለጠው ጸሐፊ እጁን አንስቶ ተናጋሪውን ማስደገም ይችላል፤ ሲደገምለት አፈ ጉባኤው «ተያዘ?» ይሉታል፣ እሱም «ተይዟል» ይላል። በዚያ አዳራሽ ጸሐፊ የሚናገረው ይህችን ብቻ ነው። እሷ ግን ይህችንም ብላ አታውቅም፣ ምክንያቱም እጇን አንስታ አታውቅም። በዚህ ትኮራለች። አባቷ በሬዲዮ ስብሰባውን እያዳመጡ «ድምፅሽን ሳልሰማ ልሞት ነው እንዴ?» እያሉ ያሾፉባታል።

እሱ ደግሞ የፖለቲካ ሳይንስ መምህር ነው፣ የምክር ቤትም አባል። ጠዋት ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ ከሰዓት በኋላ ምክር ቤት ይቀመጣል። ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ «ፖለቲከኛው መጣ» ይሉታል። ምክር ቤት ደግሞ ገና ማይኩን ሲያበራ «ሌክቸር ሊጀመር ነው» ተብሎ ይሳቅበታል። የተማሪ ፈተና ከበጀት ሰነድ ሥር ደብቆ ያርማል። አንድ ቀን ወረቀቱ ተምታቶበት የኮሚቴውን ሪፖርት በቀይ እስክሪብቶ አርሞ፣ ዳሩ ላይ «ምንጭ ይጠቀስ» ብሎ ጽፎ መልሶላቸዋል። ተማሪዎቹ ያወጡለት ስም «ምናልባት» ነው። ምንም ቢጠየቅ መልሱን የሚጀምረው በምናልባት ነው፤ ሰዓት ስንት ሆነ ቢባል እንኳ።

የተዋወቁት በአንድ ቃል ጠንቅ ነው። ገና አዲስ አባል ሳለ ስለ ገጠር ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት ተነስቶ፣ «ይህን ጥያቄ ባለፈው ሳምንት አንስቻለሁ» አለ። ክፍል ውስጥ እንደለመደው፣ ጠይቄያለሁ፣ መልሱ የታለ ማለቱ ነበር። በምክር ቤቱ ልማድ ግን «ጥያቄዬን አንስቻለሁ» ያለ ሰው ትቼዋለሁ፣ ከአጀንዳ ይውጣልኝ ማለቱ ነው። አፈ ጉባኤው «እናመሰግናለን፣ ጥያቄው ተነስቷል» ብለው ወደ ሚቀጥለው አለፉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱ በንዴት ደረጃውን ወጥቶ የጸሐፊዎቹ ቢሮ ድረስ መጣና እሷን፣ «እኔ ያነሳሁት ለማንሳት ነው እንጂ ለማንሳት አይደለም!» አላት። እሷ ወረቀት ስባ ያለውን ጻፈችና ቃል በቃል አነበበችለት። መጀመሪያ ተኮሳተረ፣ ከዚያ መሳቅ ጀመረ፣ ከዚያ የቤቱን ልማድ እንድታስተምረው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲያ ማንም አላስነሳውም። አባላት የተናገሩትን ቃል ስብሰባ ሲያበቃ መጥተው የማየት መብት አላቸው። እሱ ሳይናገር በዋለበት ቀን እንኳ ቃሉን ሊያይ ይመጣ ነበር።

በመካከላቸው ግን ሁለት ግንብ ነበር። አንደኛው ደንብ ነው፤ የአባል ሚስት በዚያ ጠረጴዛ አትቀመጥም፣ የባሏን ቃል ታሳምራለች ተብሎ ይታማላና። ሁለተኛው ዘመድ ነው። የእሷ አባት የዚሁ ምክር ቤት በር ጠባቂ ሆነው ጡረታ የወጡ ናቸው። የእሱ እናት በትልቁ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ በሩ ሲከፈትላቸው የከፈተውን ሰው ቀና ብለው ሳያዩ የሚያልፉ ናቸው ይባላል። ያም ሆኖ ጠየቃት። ከቢሮው መስኮት ሥር ቆመው ሻይ ሲጠጡ ሚስቴ ሁኚ አላት። ለሚቀጥለው ምርጫ አልወዳደርም፣ ወደ ማስተማሬ እመለሳለሁ፣ አንቺ ከጠረጴዛሽ ንቅንቅ አትዪም አላት። እሷ የመለሰችው «መጀመሪያ እናትህ ይወቁ» ብቻ ነው።

«እሁድ እነግራታለሁ» አለ። «ከዚያ በኋላ ጊዜው ያንቺ ነው፤ ልብሽ ሲፈቅድ ቤታችን ነይ። እኔ አባል ነኝ፣ አንቺ የዚህ ቤት ሠራተኛ ነሽ። ደግሜ ከጠየቅኩሽ ልመናዬ ትእዛዝ ይመስልብኛል። ስለዚህ አልደግምም።»

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ተገናኙ። ከግራና ከቀኙ ሌሎች አባላት አሉ፣ የስብሰባው ደወል ይጮሃል። ለሰው ዓይን ብሎ «አንቺ»ን በ«እርስዎ» ቀየረና ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «ያቺን የነገርኩዎትን ጥያቄ ትናንት አንስቻለሁ» አላት። ወዲያው ወደ አዳራሹ ገባ።

ምስኪን! ለእናቴ ነገርኳት ማለቱ ነበር። ያ ቃል አንድ ጊዜ ጉድ እንደሠራው ረሳው። ትምህርቱን የያዘው ለአዳራሹ እንጂ ለኮሪደሩ አልነበረም። እሷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ «አንስቻለሁ» ያለውን ሁሉ «ተትቷል» ብላ ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት። በዚያ ላይ እርስዎ አላት። በዚያ ላይ ከእሁድ ጀምሮ ስትፈራው የነበረው ይህንኑ ነው። እንዴት ትጠርጥር? ራሷ አስተምራው የለ እንዴ?

*

መጀመሪያ ያደረገችው ስልኳን መዝጋት ነው፤ እንዳይደውልላት ሳይሆን ደውሎ ይሆን እያለች ቀኑን ሙሉ ስልኳን እንዳታይ። ቀጥላ ተራ ተለዋወጠች። እሱ በሚናገርበት ሰዓት ባልደረባዋ ትገባና እሷ ቢሮ ትቀራለች። ቃሉን ሊያይ ሲመጣም ጎንበስ ብላ በር ላይ ላለው ጸሐፊ ትጠቁመዋለች። እሱ እንዳላት አልደገመም፣ አልጠየቀም። ወረቀቱን ቆሞ ያነባል፣ ይፈርማል፣ አንድ ጊዜ ወደ እሷ ጥግ ያያል፣ ይሄዳል። ኋላ ኋላ መምጣቱንም ተወ። እሷ ይህንን እኮ ነበር የፈለገችው፤ ሲሆንላት ግን ለምን እንዳለቀሰች አልገባትም።

ማምለጫ ያገኘች መስሏት ነበር። የሥራውን ነገር ዘነጋች። አጠራጣሪ ቃል ያለበት የድምፅ ቅጂ ሁሉ ተጣርቶ የሚመጣው ወደ ጆሮ ነው። እሱ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ሌላ የሚጀምር፣ ሲያስብ ድምፁን የሚውጥ ሰው ስለሆነ የሱ ቅጂ ሁሉ አጠራጣሪ ነው። አለቃዋ ፋይሉን እየከፈተላት «የምናልባትን ነገር ካንቺ በቀር ማን ይችለዋል?» ትላታለች። ማዳመጫውን ታጠልቃለች። እሱ መጥቶ ሁለቱ ጆሮዎቿ መካከል ይቀመጣል።

ከመናገሩ በፊት ትንፋሹን ሲስብ ትሰማለች። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ሲያኖረው ቀጨል ይላል። ቃል ሲጠፋበት በጣቱ እንጨቱን መታ መታ ያደርጋል። ሌላው ሁሉ በአንድ መስማት የሚያልቅላት ሴት የሱን ወደ ኋላ እየመለሰች ደግማ ትሰማለች፤ ለሥራ ነው ብላ ራሷን ታታልላለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ስለ መንገድ ሥራ እየተናገረ ድንገት ዝም አለ። በቅጂው ላይ ምንም የለም፤ ሰዎች ያስላሉ፣ ወረቀት ይገላበጣል። ከዚያ ንግግሩን ቀጠለ። እሷ ያንን ዝምታ መልሳ አዳመጠችው። ምን አይቶ ዝም አለ? ኋላ የመቀመጫ ዝርዝሩን ስታይ፣ በዚያ ሰዓት ባልደረባዋ ስለታመመች ሌላ ጸሐፊ ልትተካ ጠረጴዛው ሥር መግባቷን ተረዳች። የገባችው ጸሐፊ ከኋላዋ ስትታይ ጠጉሯ እንደ እሷው ነው።

ናፍቆት ምን ዓይነት ሞኝ እንደሚያደርግ የደረሰበት ያውቃል። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት የሌላ አባል ንግግር ስታርም «ምናልባት» የምትል ቃል አገኘች፣ ተናጋሪው ግን አላላትም ነበር። ሳታውቀው ራሷ ጨምራዋለች። ሰረዘችና ማንም እንዳላየ ዙሪያዋን ቃኘች። የማታፍረው ሴት አፈረች።

ቤትም ሰላም አላገኘችም። አባቷ ጉልበታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሬዲዮው አጠገብ ተቀምጠው፣ «ያ ጉልበቴን የሚጠይቀኝ መምህር ድምፁ ሰሞኑን ደክሟል፣ አሞታል እንዴ?» ይሏታል። እሳቸው በር ላይ በቆሙባቸው ዓመታት ስንቱ ባለሥልጣን በፊታቸው አልፏል፤ ስለ ጉልበታቸው የጠየቀ ግን እሱ ብቻ ነው። «እኔ ምን አውቃለሁ አባዬ» ትላቸውና ሳህን ልታጥብ ትነሳለች። አባት ሬዲዮውን ይቀንሱታል። ልጃቸውን ያውቋታል፤ ያልቆሸሸ ሳህን ስታጥብ ነገር አለ ማለት ነው።

*

እሱስ? እሱ የባሰበት ነው። እሷ ቢያንስ የተቆረጠ ነገር ይዛ ታዝናለች፤ እሱ ግን ይጠብቃል።

አንድ ጠዋት ክፍል ገብቶ ስለ ድምፅ አሰጣጥ ያስተምራል። ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ ድምፀ ተዐቅቦ። ድምፀ ተዐቅቦ ፈሪዎች የሚደበቁበት ጥግ ብቻ አይደለም፣ በቅጡ ከተነበበ ሐሳብም አለው እያለ ዓመት ሙሉ ሲሰብከው የኖረው ርዕስ ነው። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች። አንድ ሰው ቢጠየቅና ዝም ቢል፣ ዝምታው እሺ ነው እምቢ ብሎ ማን ይወስናል፣ አለችው። ቾኩን እንደያዘ ቆመ። ሰሌዳው ላይ የጻፋቸውን ቃላት ተራ በተራ አያቸው። ተማሪዎቹ ምናልባትን እየጠበቁ ፈገግ ብለዋል።

«አላውቅም» አላቸው።

እንዲህ ሲል ሰምተውት አያውቁም። ጊዜው ሳይደርስ ትምህርቱን ጨረሰና ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። በመኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሞተሩን ሳያስነሳ ቆየ። መጥታ እምቢ ብትለው ይሻለው ነበር። ደውሎ ሊጠይቃት ስንቴ ስልኩን አወጣ፣ ስንቴ መልሶ ኪሱ ከተተ። አልደግምም ብሏታላ። ቃሉን ደግሞ የሰማችው እሷ ናት፤ እሷ የሰማችው ቃል አይሰረዝም።

ፓርቲው ለሚቀጥለው ዘመን እንዲወዳደር ሲለምነው ከርሟል፣ እሱም እምቢ ሲል ከርሟል። በዚያው ሳምንት እሺ አላቸው። ለምን ሐሳብህን ቀየርክ ሲሉት አገር ምናምን ብሎ አለፈው። እውነቱን የነገረው ለእናቱ ብቻ ነው።

*

የምክር ቤቱ ዘመን በሚዘጋበት የመጨረሻው ስብሰባ ቀን፣ ከምሳ በኋላ የጸሐፊዎቹ ቢሮ በር ተንኳኳ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሽበታቸው የተበጠረ አሮጊት ገቡ። ማንንም ሰላም ሳይሉ «ጆሮ የሚሏት ማን ናት?» አሉ። ባልደረቦቿ ሁሉ ወደ እሷ ጥግ ዞሩ። ማንነታቸውን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ግንባራቸውና መነጽር አያያዛቸው የልጃቸው ነው። ብድግ አለች። አባቷ ለሳቸው ዓይነት ሰው እንዴት ብድግ ይሉ እንደነበር ትዝ አላት፣ ግን ተመልሳ አልተቀመጠችም።

ዳኛዋ ወንበር ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። አልዋሽሽም፣ ስለ አንቺ ሲነግረኝ ደስ አላለኝም ነበር፣ አሏት። የበር ጠባቂ ልጅ ሲለኝ ሹካዬን አስቀመጥኩ። ሆኖም ትምጣና ልያት አልኩት። ከዚያ እሁድ ጀምሮ ከቤት አልወጣሁም። ሦስት ሳህን እናስቀምጣለን፣ አንዱን ንጹሑን መልሰን እናነሳለን። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ልጄ ተነስቶ ይሄዳል፤ ጎረቤት ይሆናል፣ ውኃ ቆጣሪ አንባቢ ይሆናል፣ ብቻ አንቺ አይደለሽም።

«እኔን ንቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም» አሉ ዳኛዋ። «ይህቺ ማን ናት ብዬ ላይሽ መጣሁ።»

እሱ ጥያቄውን ትቶታል እንጂ እኔ ማንንም አልናቅኩም አለች። ነግሮኛል፣ በራሱ አፍ ነግሮኛል አለች።

ዳኛዋ ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። ሠላሳ ዓመት ምስክር ሲሰሙ የኖሩ ሰው ናቸው። «ምን አለሽ? ቃል በቃል።»

«'ያቺን የነገርኩዎትን ጥያቄ ትናንት አንስቻለሁ።'»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሏት ደንግጣ ወደሳቸው ጎንበስ ስትል እየሳቁ ነው።

«ክሴን አንስቻለሁ ያለኝን ሁሉ መዝገቡን ዘግቼ አሰናብቼዋለሁ» አሉ። «እኔም ብሆን እንዳንቺው ነበር የምሰማው። ልጄ፣ እሱ እኮ ለኔ አነሳው። ቁርስ ላይ አነሳው፣ ምሳ ላይ አነሳው፣ ተው እስክለው ድረስ አነሳው። ይኼ ዩኒቨርሲቲ ነው ያበላሸብኝ።»

ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። ለምን አልጠየቅሽውም አሏት፤ የሰው ቃል ስትጽፊ ያልገባሽን ታስደግሚ የለም ወይ? እጇን አንስታ አታውቅማ። የምትኮራበት ነገር የጎዳት መሆኑ ያን ጊዜ ገባት፤ ዓይኗ በእንባ ተሞላ። ዳኛዋ መሐረባቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጧት። ቀና ብለው ነው ያዩዋት፣ ዓይን ለዓይን።

«እንባውን ለኋላ አቆዪው» አሏት። «ዛሬ ከመድረክ ቆሞ እቀጥላለሁ ሊል ነው። ከቀረችብኝ የሚቀረኝ ሥራዬ ነው ብሎኛል። አንዴ በአደባባይ ካለው ደግሞ አይመለስም፤ ቃሉን የሚያከብር አድርጌ ያሳደግኩት እኔው ነኝ፣ ማንን እወቅሳለሁ።»

ደወሉ ጮኸ። አባላቱ ስልካቸውን በር ላይ እያስረከቡ ይገባሉ። ወደ ባልደረባዋ ዞረችና ተራዬን መልሽልኝ አለቻት። ባልደረባዋ ከወረቀቷ ቀና ሳትል፣ መቼም አትጠይቂኝም ብዬ ፈርቼ ነበር አለቻት።

*

ጠረጴዛዋ እንደተወችው ነው። ወንበሯ ግን ለሌላ ሰው ቁመት ዝቅ ብሏል፤ ሳታስተካክለው ተቀመጠች። ዳኛዋ ከላይ የእንግዶቹ መቀመጫ ላይ ናቸው። አባላት አንድ በአንድ ወጥተው ይሰናበታሉ፣ አለዚያም እንቀጥላለን ይላሉ፤ እሷ ትጽፋለች። ጣቶቿ ሥራቸውን ያውቃሉ፣ ልቧን አላማከሩም።

ተራው ደርሶ ወጣ። መድረኩ ላይ ሲቆም መጀመሪያ ወረቀቱን አስተካከለ፣ ከዚያ እንደ ልማዱ ወደ ታች፣ ወደ ጸሐፊዋ አየ። አያት። ለሳምንታት በማዳመጫ ብቻ የሰማችው ትንፋሽ ከላይዋ መጣ። ከስቷል። ጺሙን በአንድ በኩል አሳንሶ በአንድ በኩል አስረዝሞ ነው የላጨው፤ እጇ ሊያስተካክልለት ፈለገ። ዓይኗን አልሰበረችም። እሱ ግን ሰበረ፣ እሷን ላለማስጨነቅ ብሎ፣ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

የጤና ጣቢያዎቹ መድኃኒት ስንት ከተጮኸለት በኋላ መድረሱን ተናገረ፤ አመሰገነ። ከዚያ ወረቀቱን አስቀመጠ።

«ምናልባት አንድ የራሴን ነገር ብናገር ይፈቀድልኛል» አለ። «ከሳምንታት በፊት አንድ ጥያቄ አንስቼ ነበር። መልስ አላገኘሁም። ዝምታም መልስ ነው ብዬ ተቀብዬዋለሁ። ስለዚህ ለሚቀጥለው ዘመን…»

የመጻፊያዋ ቁልፎች ድምፅ ቆመ። እጇን አነሳች።

አፈ ጉባኤው መጀመሪያ አላመኑም። ከመነጽራቸው በላይ አዩ፣ የሥራ ዘመናቸውን ሁሉ ያ እጅ ሲነሳ አይተው አያውቁም። ተናጋሪውን በምልክት አስቁመው ምን አመለጠዎት አሏት። ተነሳች። ማይኩን ወደ አፏ ስታቀርብ ከቤት ሬዲዮው አጠገብ ያሉትን ሰው አሰበች፤ ድምፅዋ ትንሽ በረታላት።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ክቡር አባል 'ጥያቄ አንስቼ ነበር' ብለዋል። አቅርቤ ነበር ማለታቸው ነው፣ ወይስ ትቼ ነበር? በቃሉ ብቻ መለየት አልቻልኩም።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ያን ጊዜም አልቻልኩም።»

አዳራሹ ሳቀ። የመምህሩን የመጀመሪያ ዓመት ጉድ ያልሰማ አባል የለማ። አፈ ጉባኤው ሳይቀሩ፣ ይኼ ቃል ከዚህ ሰውዬ ጋር ምን ጠብ አለው እያሉ ጠረጴዛቸውን መታ መታ አደረጉ። እሱ ግን አልሳቀም። መድረኩን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ኮሪደሩን፣ ደወሉን፣ ያንን እርስዎ የሚለውን ቃል፣ የተለዋወጠችውን ተራ፣ ንጹሑን የተነሳውን ሳህን፣ ሁሉን አንድ በአንድ ሲያገኘው በፊቱ ላይ ታነባለች። ከዓይኑ የወረደውን ለመጥረግ መነጽሩን አወለቀ። ቀጨል አለ።

«ማቅረቤ ነው» አለ። «ያን ጊዜም ማቅረቤ ነበር። ትቼው አላውቅም።»

እሷ ቁጭ አለች፣ ጻፈች። ፊደሎቹ ይርገበገቡባታል። ከፓርቲው ረድፍ አንድ ሰው ንግግሩን እንዲጨርስ እጁን አወናጨፈለት። መምህሩ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ሌላም አለኝ፤ ለጸሐፊዋ እንዳይከብዳት አብራርቼ እናገራለሁ» አለ። «እጩነቴን አንስቻለሁ።» ከዚያ ከማይኩ ላይ አጎንብሶ ወደ ትንሿ ጠረጴዛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይኼኛው መተዌ ነው።»

ምናልባት አላለም። ልብ ያለችው እሷ ብቻ ናት።

የፓርቲው ረድፍ ተንጫጫ፤ አንዱ ተነስቶ ሥርዓት ሥርዓት አለ። እሷም ብትሆን ደስታዋ ንጹሕ አልነበረም። ያ መድረክ ከዛሬ ወዲያ እሱን አያገኝም፤ ስለ ጤና ጣቢያ የሚጮኽ፣ ሰው የሚስቅበት ድምፅ ከዚያ አዳራሽ ይጎድላል፣ ያጎደለችውም እሷ ናት። ይህንን ዕድሜ ልኳን ታስበዋለች። ግን ቀና ስትል እሱ ከላይ እያያት ነበር። እየጠበቀ። እነዚያን ሳምንታት ሁሉ እንደጠበቃት፣ ሳይደግም።

አፈ ጉባኤው መዶሻቸውን መቱ። ከዚያ እንደ ደንቡ ወደ ጠረጴዛዋ ዞሩ።

«ጸሐፊዋ፣ ተያዘ?»

የተጠየቀችውን ታውቃለች። ማን እንደጠየቃትም ታውቃለች። ዓይኗን ከመድረኩ ሳትነቅል መለሰች።

«ተይዟል።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ የተባለውን ሁሉ እንደተባለ ጻፈች። መጨረሻው ላይ በቅንፍ መግባት የነበረበት ነገር አለ፤ ቤቱ ሲስቅ «ሳቅ»፣ ሲያጨበጭብ «ጭብጨባ» ይባላል። ቅንፉን ከፈተችና እጇ ቆመ። አዳራሹ እየሳቀ ይሁን እያጨበጨበ፣ ጆሮ የሚሏት ሴት አልሰማችም።